ክብቧና ሳጥኗ

ጣውንት አለብኝ። አራት ጎማ አላት፤ በዕድሜ ከእኔ ሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ ጣሪያ ሥር ስለምትኖር ዝናብ ምን እንደሚመስል ረስታለች። ባሌ ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ እሷን በለስላሳ ጨርቅ ይዳብሳታል፣ ከዚያ ፊቱን ይታጠባል፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ሻይ የለም እንዴ?» ይላል። የገዛት እኔን ከማግባቱ ከአንድ ዓመት በፊት ነውና በቀደምትነትም ትበልጠኛለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረናል።

እሱ የመኪና ሞተር ይፈታል፤ እኔ የመኪና ወንበር እሰፋለሁ። የምንሠራውም የምንኖረውም አንድ ግቢ ውስጥ ነው፦ ከፊት የእሱ ጋራዥ፣ ከጎን የእኔ ስፌት ቤት፣ ከኋላ ሁለት ክፍል መኖሪያችን። መኖሪያው ሦስት ክፍል ነበር። ሦስተኛው ለልጃችን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አንዱ ግድግዳ ፈርሶ ሰፊ በር ተገጠመለትና ለጣውንቴ ተሰጠ። ልጄ ሳሎን ሶፋ ላይ እየተኛች አደገች፤ እዚያው ሶፋ ላይ እያጠናች የእንስሳት ሐኪም ሆነች።

ጣውንቴን «ክብቧ» ነው የምንላት። የስድሳ ስድስት ሞዴል ቮልቮ ናት፤ የሚያውቁ ሰዎች አማዞን ይሏታል። ሌላም ነበረችን፣ እሷም ቮልቮ፣ የሰማንያ ስድስት፣ ሁለት መቶ አርባ የሚሏት፤ የእኛ ቤት ስሟ «ሳጥኗ» ነው። ሁለቱም የስዊድን ልጆች ናቸው፣ በመካከላቸው ሃያ ዓመት ብቻ ነው ያለው፣ ግን እህትማማች ናቸው ብትል ማንም አያምንህም። ታላቂቱ ሁለመናዋ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው፤ መብራቷ ክብ፣ ትከሻዋ ሞላ ያለ፣ ፊቷ ላይ ግራና ቀኝ የተከፈለ ፍርግርግ ያላት። ታናሺቱን የሣላት ሰው ከማስመሪያ በቀር ዕቃ አልነበረውም። ፊቷም ኋላዋም አራት ማዕዘን፣ ባምፐሯ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ፣ ከኋላ ደግሞ እስከ ጣሪያዋ ድረስ ባዶ፣ የፈለግከውን የምትጭንባት።

ክብቧ ሁለት ካርቡሬተር አላት፤ ሁለቱን ማስማማት ባልና ሚስት ከማስታረቅ ይብሳል። ባሌ አንድ የጎማ ቱቦ ጆሮው ላይ ሰክቶ የአንዱን ትንፋሽ ያዳምጣል፣ የሌላውን ያዳምጣል፣ ብሎኗን ጥፍር ታህል ያዞራል፣ እንደገና ያዳምጣል። የእኔን ሳል ለሁለት ወር አልሰማም ነበር። ሳጥኗ ግን ቁልፍ ሲዞርባት ትነሳለች፣ በቃ። የሚያዳምጣትም ስለማያስፈልግ የሚያዳምጣት አልነበረም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ይባላል፤ የእኔው ሰውዬ ግን አልጋም ቀጋም የሚሆነው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፣ አልጋነቱ ለክብቧ፣ ቀጋነቱ ለቀረነው።

የክብቧን ወንበሮች ያለበስኩት እኔ ነኝ። አራት ወር ፈጀብኝ። የጥንቱን ስፌት እየፈታሁ ቀዳዳዎቹን ቆጠርኩ፤ በእያንዳንዱ ጣት ርዝመት ስንት እንዳረፈ ጻፍኩ፤ ክሩን ቀለም ነክሬ አስመሰልኩት። ጨርሼ ስገጥመው ባሌ ተቀመጠበት፣ ትንሽ ነጠር ነጠር አለና «ሞላው ጠንከር ብሏል» አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ክብቧ አንድም አስተያየት አልሰጠሁም፣ የጠየቀኝም የለም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ልጄ በሃያ አራት ዓመቷ ሥራ አገኘች። ከእኛ ከተማ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ከብት እርባታዎች አሉ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ የሚያክም ሐኪም ፈልገው ከአርባ ሰው መካከል እሷን መረጧት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ የራሷ መኪና እንዲኖራት። ደብዳቤውን ለአባቷ ስታነብለት ከክብቧ ኮፈን ሥር አንገቱን ሳያወጣ «ሳጥኗን ውሰጃት፤ ለእኔ ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ትሠራለች» አላት። ልጄ ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ስፌት ቤቴ ገብቼ በደስታ አለቀስኩ። ልጄ ከዚህ ግቢ ልትወጣ ነው፣ መሪ ጨብጣ ልትወጣ ነው፣ እያልኩ። እኔ መንዳት አልችልም፤ ያስተማረኝ የለም።

ሥራው ሰኞ ይጀምራል። ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ሳጥኗን ስታጥብ ከረመች። እኔም ከወፍራም ሸራ ባለ ሃያ ኪስ መያዣ ሰፋሁላት፤ መርፌው፣ ጓንቱ፣ ጠርሙሱ ሁሉ የየራሱ ኪስ አለው። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ላይ በቀበቶ አሰርንና ሁለታችንም ወደ ኋላ ራቅ ብለን አየነው። «እማዬ፣ የሐኪም መኪና መሰለች!» አለችኝ። ሐሙስ ዕለት ለጭቃው የሚሆን ቦት ጫማ ልትገዛ ገበያ ሄደች።

ሰውየው የመጣው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጡረታ የወጣ አብራሪ ነው፣ ግራጫ ባርኔጣ የሚያደርግ፣ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ። የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ማኅበር መጽሔት አለው፤ በዚያ ላይ «ሃያ ዓመት የሚለያቸው ሁለት እህትማማቾች» የሚል ጽሑፍ ሊጽፍ ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን አቁሞ ፎቶ ማንሳት ፈለገ። ባሌ ያን ቀን ሸሚዝ ቀየረ። ክብቧን ከክፍሏ አወጣትና አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ እሷ ተናገረ። ስለ ብሎኖቿ ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ። አብራሪው በትዕግሥት ሰማው፤ ጻፈም።

እዚህ ላይ የሰፈራችንን የጋራዥ ሰዎች ጠባይ ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ሊለቁት የማይፈልጉት ዕቃ በእንግዳ ፊት አይመሰገንም። እንዲያውም ይሰደባል። ጎረቤታችን ጎሚስታው በከተማው የሌለ ክሪክ አለው፤ እንግዳ ካየው ግን «ተወው ባክህ፣ ዘይት ይተፋል» ይላል። አሥር ዓመት ማንም አልተዋሰውም። ያመሰገንከውን ዕቃ ሰው ይመኘዋል፤ የተመኙትን ደግሞ ወይ ይገዙሃል፣ ወይ ይለምኑሃል፣ ወይ ይሰርቁሃል። ይህን ደንብ ሁላችንም እናውቃለን፣ እኔም አውቃለሁ። ባሌ ብቻ ለክብቧ ሲሆን ደንቡን ይረሳዋል፤ እሷን መስደብ አንደበቱ እሺ አይለውም።

አብራሪው ወደ ሳጥኗ ዞረና «ይቺስ?» አለ።

«ይቺን ይተዉአት ጌታዬ» አለ ባሌ። «የዶሮ ቤት ናት። ጎማ ያለው የዶሮ ቤት።»

አብራሪው ሳቀ። ጎሚስታውም ከአጥር ማዶ ሳቀ። እኔ መቀስ እንደያዝኩ ስፌት ቤቴ በር ላይ ቆሜ ነበር። ስድቡ ያው የደንቡ ስድብ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንግዳ በሌለበትም ስሰማው የኖርኩት ስድብ ነው። ደሜ ፈላ።

አብራሪው አየኝና ባርኔጣውን ነካ አደረገ። «እመቤት፣ እርስዎስ? ከሁለቱ የትኛዋን ይመርጣሉ?»

እዚያ ግቢ ውስጥ ስለ መኪና የሚጠይቀኝ ሰው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣ። መልሴን ለማሳጠር ነበር ያሰብኩት።

«ክብቧ ታምራለች፣ አልዋሽም» አልኩት። «ግን እሷን ቆመን ነው የምናያት። የሄድንበት ቦታ ሁሉ የሄድነው በሳጥኗ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ጠዋት እንኳ አልነሳም ብላን አታውቅም። አማቴ የታመመች ዕለት መንገዱ ጎርፍ ሞልቶት ነበር፤ ትልልቁ መኪና ሁሉ ቆሞ እሷ ውሃውን እየሰነጠቀች ሐኪም ቤት አደረሰችን። አንድ ጊዜ ሚኒባስ ከኋላ መጥቶ ገጫት፤ የሚኒባሱ ፊት እንደ ወረቀት ተጨማደደ፣ የእሷ ባምፐር ተጫረ። ልጄ ከኋላ ወንበር ታስራ ተኝታ ነበር፣ ከእንቅልፏም አልነቃችም። ሁለት ሶፋ አንድ ላይ ትውጣለች። አቀበት ላይ አትግልም፣ ዘይት አታባክንም። የክብቧ ሞተር ሁለት ጊዜ ቶርኖ ቤት ሲሄድ አዝላ የወሰደችው ማን ይመስልዎታል? እሷ ናት። ስትመለስ ግን ጨርቁ ለክብቧ ነው፣ ጣሪያው ለክብቧ ነው። እሷ የተባለችውን ሁሉ ሠርታ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ ታድራለች፣ ትውላለች። ማንም አንድ ደግ ቃል ተናግሯት አያውቅም።»

የማወራው ስለ መኪና ብቻ እንዳልሆነ እኔም ያኔ ነው የገባኝ። አፍሬ መቀሱን ማገላበጥ ጀመርኩ።

አብራሪው አልሳቀም። ባርኔጣውን አወለቀ። ሳጥኗን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ሥሯ ተጎንብሶ በጣቱ ቆረቆራት፤ ቁልፉን ጠይቆ አስነሳት፣ ግቢውን አንድ ዙር ዞረባት። ወርዶ በሩን ሲዘጋ ድምፁን ለመስማት ይመስል ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። «የክብቧ ዓይነት ሦስት አሉኝ» አለ። «እንዲህ ያለች ግን፣ ያላረጀች፣ ያልተበላሸች፣ ታሪኳን የሚያውቅላት ሰው ያላት፣ አላገኘሁም።»

ከዚያ ወደ ራሱ መኪና ሄደና ከኋላ አንድ የእንጨት ሳጥን አወጣ። ያልተጠቀሙበት የአማዞን ዕቃ ነው፣ ከነመጠቅለያ ወረቀቱ። ግራና ቀኝ ፍርግርግ፣ ሁለት ባምፐር፣ ቀጭኑ የጥንት መሪ። ባሌ የግራውን ፍርግርግ አሥራ ሁለት ዓመት ፈልጎ አጥቶ ከቆርቆሮ ቀጥቅጦ ነው የሠራው፤ ሰው ሲያየው ያፍር ነበር። ወረቀቱን ከመግለጡ በፊት እጁን በሱሪው ጠረገ። የልጄ የሕክምና ዲፕሎማ በእጁ ሲገባ እንኳ እንዲያ አላደረገም።

«ልውውጥ» አለ አብራሪው።

ባሌ ለአንድ ደቂቃ ያህል ፍርግርጉን አገላበጠ። አንድ ደቂቃ፤ ቆጥሬለታለሁ። ከዚያ «እሺ» አለ።

«የልጅቷ ናት!» አልኩ።

አብራሪው ደንገጥ ብሎ «የልጅዎ ናት እንዴ?» አለኝ። ባሌ ቀድሞኝ ሳቀ። «በዚህ ግቢ ያለው ሁሉ የልጄ ነው፤ አንድ ልጅ ብቻ እኮ ነው ያለኝ!» አለው። ሰውየው ወደ እኔ እያየ መልሴን ጠበቀ። «አይ ጌታዬ፣ ሰኞ ሥራ ልትገባባት ነው» ብለው ኖሮ ባርኔጣውን አድርጎ ይሄድ ነበር፤ ጨዋ ሰው ነው። እኔ ግን በእንግዳ ፊት ባሌን ማዋረድ መሰለኝና ዝም አልኩ። መናገር በማይገባኝ ቦታ አፌን ከፍቼ፣ መናገር በሚገባኝ ቦታ ዘጋሁት። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ የሚለውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዝም በማለት ስለሚጠፋው የሚተርት የለም።

የሸራውን ኪስ ፈትቼ አወረድኩ። ሊብሬው በባሌ ስም ነውና ሌላ ጣጣ አልነበረውም፤ ሌላውን ወረቀት ዓርብ ሊጨርሱ ተስማሙ። አብራሪው የራሱን መኪና እኛ ጋ አቁሞ ሳጥኗን ራሱ እየነዳ ወጣ። በሩ ላይ ልጄ ቦት ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ ስትደርስ ተገናኙ። ለፎቶ የሚወስዷት መሰላት። ለማሳለፍ ጠጋ አለችና በፈገግታ እጇን አውለበለበች።

ምሽት ላይ እራት ሳይቀርብ ሁሉንም ሰማች። አልጮኸችም። «እንግዲያው ክብቧን ስጠኝ» አለች አባቷን።

ባሌ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። የምር ቀልድ መስሎት ነው። እንደማትስቅ ሲያይ «ምን? ጭቃ ውስጥ? ላም ለማከም?» አለ። ቀጥሎ ተቆጣ። «ጥፋተኛው እኔ አይደለሁም። እኔ የዶሮ ቤት ናት ብዬ ሸሽጌልሽ ነበር። ሰውየው ፊቱን አዙሮ ነበር እኮ! እናትሽ ናት አፏን ከፍታ ያሻሻጠቻት። አንዴ ከተወደደች በኋላ እኔ ምን ላድርግ?»

እውነቱን ይሁን ውሸቱን እስከ ዛሬ አላውቅም። ባሌ ሲዋሽ ጆሮውን ያካል፤ ያን ጊዜ አላከከም። ለልጁ ብሎ ሰድቧት ከነበረ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ንቆ ሰድቧት ከነበረ ደግሞ አሁን ማምለጫ አገኘ። ሁለቱን ሳወጣ ሳወርድ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ከእሱ ብዙም አልጠበቅኩም። አንቺ ግን እማዬ፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ። ለምን ተናገርሽ?»

ምን ልበላት? ሰው ስለጠየቀኝ ነው ልበላት? ሳህን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሰኞ ደውላ መኪናው እንደቀረባት ነገረቻቸው። ደጎች ናቸው፣ ሁለት ሳምንት ጠበቋት። እንደኛ ያለ ቤት በሁለት ሳምንት መኪና አይገዛም። በሦስተኛው ሳምንት ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጡት። ቦት ጫማው ከነፌስታሉ ሶፋው ሥር ገባ። ትንሽ ቆይታ እኔ ዘንድ መጣች፣ በሁለተኛው ስፌት መኪና ተቀመጠች፣ «ምን ልስፋ?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ከቂም በቀር ሁሉ ነገር ነበር፤ ቂም ብትይዝብኝ ይሻለኝ ነበር። እጇ ቀጥ ያለ ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ ደንበኞች ከእኔ ይልቅ እሷን መጠየቅ ጀመሩ። አባቷም «እጇ ባንቺ ወጣ» አለኝ፤ ደግ ቃል መናገሩ ነው።

መጽሔቱ ወጣ። ክብቧ በአዲሱ ፍርግርግ ሙሉ ገጽ ይዛለች። ባሌ ከሞተሯ እስከ ወንበሯ ሁሉንም በገዛ እጁ እንዳደሳት ተጽፏል። ጽሑፉን ቆርጦ ጋራዡ ውስጥ ሰቀለው። እኔም አንብቤ «ጥሩ ነው» አልኩ።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ ቀትር ላይ፣ አብራሪው በሳጥኗ መጣ። ወርዶ ባርኔጣውን አነሳልኝ። «እመቤት፣ ያሉኝ ሁሉ እውነት ነው፤ አንድ ቀን አላስቸገረችኝም። ወንበሯ ብቻ ሳስቷል። ከእርስዎ በቀር ለማን እሰጣታለሁ ብዬ መጣሁ።»

ከኋላዬ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ልጄ ክር ከቀሚሷ ላይ እያራገፈች ወጣች። ሰውየው አይቷት አያውቅም፤ ያን ቀን በሩ ላይ እጇን ያውለበለበችውንም አላስተዋላትም ነበር።

«ወደ ጥላው ብናስገባት ጥሩ ነበር፤ ዓይኔ ፀሐዩን አልቻለም» አላት። «መንዳት ትችያለሽ ልጄ?»

«እችላለሁ» አለች።

ቁልፉን ሰጣት። ገባች፣ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች፣ ስፖኪዮውን አስተካከለች። መኪናዋ እንደ ሁልጊዜዋ በአንዴ ተነሳች። ከበሩ እስከ ጥላው አሥር ሜትር ቢሆን ነው። ልጄ ቀስ ብላ ነዳቻት፣ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሰው ቀጥ ብላ ተቀምጣ። ባሌ ከጋራዡ ውስጥ ጭንቅላቱን አወጣና «ፈንጠር አድርገሽ! ክብቧን እንዳትነኪብኝ!» ብሎ ጮኸ። ወደ ኋላ አንድ ሜትር መለሰቻት፣ ጎማውን አቀናች። ሞተሩን ወዲያው አላጠፋችም። መስታወቱ ያብረቀርቅ ስለነበር ፊቷን አላየሁትም። ቆይታ አጠፋችና ወረደች።

«ጎበዝ ነጂ ነሽ እኮ!» አላት አብራሪው። «እንዲህ ዓይነት ነድተሽ ታውቂያለሽ?»

«ትንሽ» አለችና ቁልፉን መለሰችለት። «ወንበሩን ለመቼ እናድርስልዎ?»